ዝምታዬ ገበያ ወጣች

አገራችን ዝምተኛ ሰው አትወድም። ለቅሶ ቤት ዝም ካልክ ጨካኝ፣ ሰርግ ቤት ዝም ካልክ ምቀኛ፣ ገበያ ላይ ዝም ካልክ ደግሞ ሞኝ ትባላለህ። «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ፤ ግን ይህን ያለው ሰውዬ ራሱ ዝም ቢል ኖሮ ተረቱን ከየት እንሰማው ነበር? እኔ እንግዲህ በእናቴ ቋንቋ በካፊኖኖም በአማርኛም ዝምተኛ ነኝ። ባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ከዚህ ሰው ጋር ከመጨቃጨቅ ከቀፎ ጋር መጨቃጨቅ ይሻላል፤ ቀፎ ቢያንስ እዝዝ ይላል» ትል ነበር።

የምኖረው ከፋ ውስጥ፣ ከቦንጋ ወጣ ብሎ ማንኪራ ጫካ፣ ቡናዬና ንቦቼ መሀል ነው። ሁለቱም ወሬ አይጠይቁኝም። አንዲት ልጅ አለችኝ፣ ማርታ የምትባል። ኮምፒውተር ተምራ ቦንጋ ላይ አንድ ክፍል ተከራይታ ትሠራለች። ምን እንደምትሠራ ስጠይቃት፣ ማለቴ ቀና ብዬ ሳያት፣ እሷ ይገባታል፣ እንዲህ ብላ አስረዳችኝ። ሰው የማይገባበት ገበያ አለ። ገዢውም ሻጩም ኤጀንት የሚሉት ማሽን ነው። ሰው የሚሠራውን ሥራ እዚያ ያወጣል፤ የፈለገ ማሽን መጥቶ ይገዛል። ግፊያ የለ፣ አቧራ የለ፣ ሰላምታ የለ። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ እንዲህ ያለ ገበያ ስመኝ አይደል የኖርኩት!

ማርታ ለሽያጭ ያወጣችው የማንኪራን ዝናብ ነው። ዝናቡን ሳይሆን ወሬውን። ቡናው አልጋ ላይ ተዘርግቶ በሚደርቅበት ወራት ሩቅ አገር ያሉ ገዢዎች ጠዋት ጠዋት «ዘነበ ወይስ አልዘነበም?» ይጨንቃቸዋል። ከሰማይ የሚያየው መሣሪያ ጫካችንን ዘልቆ አያይም አሉ። ስለዚህ ከጫካው ሥር የሚቆም ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ማርታ ትደውላለች፣ እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ ለማሽኗ፣ ማሽኗ ለገዢው ማሽን። ሥራዬ ከደጄ ወጥቼ እጄን መዘርጋት ነው።

ሥራው ቀላል፣ ገዢው ግን ጠፋ። አዲስ አበባ ያለው አጎቷ ሱቅ ውስጥ ሥራ ፈልጎላት «ገዢ ካላገኘሽ ቅዳሜ ተሳፈሪ» አላት። እሷም እሺ አለች። እኔስ? እኔ ምን እላለሁ! «አትሂጂብኝ» አንዲት ቃል ናት፤ ግን ጉሮሮዬ ላይ እንደ ትኩስ ጎደሬ ቆመች።

በዚያው ሳምንት አንድ ትልቅ ገዢ ብቅ አለ፤ ማሽን ነው እንግዲህ። «የወቅቱን ወሬ ሁሉ ልገዛ ነው፣ ግን ሻጮቹ ሁለት ስለሆናችሁ ዓርብ ጠዋት ሁለታችሁንም ቀምሼ አንዳችሁን እመርጣለሁ» አለ።

ሁለተኛው ሻጭ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ተክሌ! ከተማው ጋሽ ተክሌ ይለዋል፤ እኔ እኩያው ነኝና ተክሌ። የቦንጋ መናኸሪያ ደላላ ነው። ቤት ያከራያል፣ በሬ ያሻሽጣል፣ ሙሽራ ያገናኛል። የኛን ነገር ሰምቶ እሱም በኮምፒውተር ቤት በኩል ገበያው ውስጥ ገብቷል። እሱ ለሽያጭ ያወጣውን ማርታ አነበበችልኝ፤ የአየር ጠባይ፣ የመንገድ ሁኔታ፣ የቡና ምክር፣ የጋብቻ ምክር። ማሽን ሊያገባ ነው እንዴ? መናኸሪያ ላይ ሲያገኘኝ ደግሞ «አባ ዝም! ወሬ ልትሸጥ ነው አሉ? ዓሣ ዛፍ ላይ ወጣ በለኛ!» አለ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እውነት ለመናገር እኔንም አስቆኛል፤ በሆዴ።

ሐሙስ ማርታ ደወለች። «አባዬ፣ እባክህ ነገ ትንሽ ጨምርበት። ‹ዘነበ› ብቻ ብዬ እንዴት እሸጣለሁ? ደመናውን፣ ነፋሱን ንገረኝ» ብላ ለመነችኝ። እሺ አልኩ። ቀኑን ሙሉ ንቦቼ ፊት ስለማመድ ዋልኩ። «የተከበራችሁ ገዢዎች» ብዬ ስጀምር አንዷ ነደፈችኝ። ያኔ ልብ ማለት ነበረብኝ።

ዓርብ ጠዋት ስልኩ ጮኸ። «ዘነበ» አልኩ። «እሺ፣ ሌላስ?» አለች። ደመናው፣ ነፋሱ፣ የተከበሩት ገዢዎች፣ ሁሉም እንደ ጉም በነኑ። «ቡናው ተሸፍኗል» አልኩ። «ሌላስ፣ አባዬ?» «ሌላ የለም።»

ልጄ ዝም አለች። ለካ ዝምታ ለሰሚው እንዲህ ይከብዳል! «በቃ ይሁን» ብላ ዘጋችው። ስልኬን ይዤ ዝናቡ ውስጥ ቀረሁ። በገዛ ዝምታዬ ልጄን አውቶቡስ ላይ ጫንኳት።

እኩለ ቀን ላይ እንደገና ጮኸ። «አባዬ! መረጠን!»

ነገሩ እንዲህ ነው። እነዚያ ማሽኖች ለካ ለሚያነቡት ቃል ሁሉ ይከፍላሉ፤ ወሬው በረዘመ ቁጥር ኪሳቸው ይራቆታል! ተክሌ «ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን» ብሎ ጀምሮ ማሽኑን ከነቤተሰቡ ሰላም ብሏል። ከዚያ የቡናን ታሪክ ከጥንት አንስቶ አውርዷል። ዝናቡ ጋ ሲደርስ ደግሞ «ዘነበ ቢባል ውሸት አይሆንም፤ አልዘነበም ያለም አልተሳሳተም» ብሎ አረፈው። ደላላ አይደል? በሁለቱም ወገን ይቆማል። ማሽኑ ያን ሁሉ ከፍሎ አንብቦ፣ ይዝነብ አይዝነብ ሳያውቅ ቀረ። የኛ ግን «ዘነበ። ቡናው ተሸፍኗል።» በቃ! ወገኖቼ፣ በዚህች ዝምታ ስንት ዘመን ተሰደብኩ!

«እንግዲህ አልሄድም» አለች ማርታ። «እሺ» አልኩ። «እሺ ብቻ?» ስትለኝ ያቺ ጉሮሮዬ ላይ የቆመችው ጎደሬ ወረደች። «አትሂጂብኝ ልልሽ ነበር» አልኳት። «አሁን ነው የምትለው!» ብላ እየሳቀች አለቀሰች።

ቅዳሜ አውቶቡሱ ያለ ማርታ ወጣ። እኔም የዓመት በዓል ኮቴን ለብሼ ልሸኘው መናኸሪያ ተገኘሁ። በተክሌ ፊት ለፊት፣ ቀስ ብዬ፣ እንደ ደጃዝማች አለፍኩ። «ዝምታ ሸጠህ በላህ አሉ!» አለኝ። መልስ ነበረኝ፣ ያውም ጥሩ መልስ። ግን ለማሽን በገንዘብ የምሸጠውን ለተክሌ በነፃ ልስጠው? ባርኔጣዬን ነካ አድርጌ አለፍኩ።

ድል ግን የራሱ በሽታ አለው። ከዚያ ወዲህ አፌ አልዘጋ አለኝ። ባለፈው አውቶቡስ ላይ ይህንኑ ከቦንጋ እስከ ሺሺንዳ ከተማ ስተርክ፣ አጠገቤ የተቀመጠው አስተማሪ ሳይደርስ ወረደ። አሁንም ይህን የምትጽፍልኝ ማርታ እጄ ዛለ እያለች ነው። ትናንት ጠዋት ደግሞ «ልጄ፣ ዝናቡ ከወንዙ ማዶ ሲነሳ» ብዬ ስጀምር «አባዬ! ዘነበ ወይስ አልዘነበም?» ብላ ጮኸችብኝ።

ተክሌ በበኩሉ ሰሞኑን አይናገርም። ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ፣ ሰላም ሲሉት ራሱን ብቻ ይነቀንቃል። ከተማው ታሟል ብሎ አዝኖለታል፤ ሊጠይቁት የሄዱም አሉ። እኔ ግን ገብቶኛል።

እየተለማመደ ነው።