ጋሽ ዘርአይና የወጨጫ ብርሃን

እግዜር ለየቤተዘመዱ ሦስት ሰው ያድላል፦ አንድ ነገረኛ፣ አንድ ጠጪ፣ አንድ ደግሞ ካሜራ ያለው። ነገረኛው በሽማግሌ ይመከራል፣ ጠጪውም ሲደክመው ይተኛል። ካሜራ ያለውን ግን የሚመልሰው የለም። በተለይ ካሜራውን የገዛው ተራራ ሊያነሳበት ከሆነ፣ ያ ቤተሰብ አለቀለት።

ለእነ እጸገነት የደረሷቸው ጋሽ ዘርአይ ነበሩ። የአባቷ ታናሽ ወንድም ናቸው። በሥራቸው የአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ በማዕረጋቸው ደግሞ ሊቀ ተራራ። ማዕረጉን የሰጣቸው ሰፈሩ ነው፤ እሳቸውም ቅር አላላቸውም።

ያኔ፣ በ1990 ዓ.ም. ግድም፣ ካዛንቺስ ገና ሰማይ ነበራት። እነ እጸገነት በረንዳ ላይ የቆመ ሰው ከቆርቆሮ ጣሪያው ባሻገር ወጨጫን ከእግር እስከ ራሱ ያየዋል። ወደ ጓሮ ዞር ካለ ደግሞ የረር አለለት። ፀሐይ በየረር ትወጣለች፣ በወጨጫ ትጠልቃለች፤ ጋሽ ዘርአይም በመሀል ጊዜ ሲተርፋቸው ቢሮ ብቅ ይላሉ። ዛሬ ያ በረንዳ ቢኖር ኖሮ የሚያየው የሰው መስኮት ነበር።

አንድ ጠዋት በታክሲ ወደ ሥራ ሲሄዱ፣ እንጦጦ በጉም መሀል ቀልቶ አዩና ኡራኤል ጋ "ወራጅ" ብለው ወረዱ። ቢሮ የደረሱት በአምስት ሰዓት ነው። አለቃቸው የዘገዩበትን ምክንያት በጽሑፍ እንዲያስረዱ ቢጠይቋቸው፣ በጥሩ የእጅ ጽሕፈት "ጉም" ብለው ጽፈው፣ ፈርመው ሰጡ።

እምነታቸው አጭር ነው፤ "ሰው የትም አይሄድም፤ የሚሄደው ብርሃን ነው" ይላሉ። ፍላሽ የሚባል ነገር በእጃቸው አይነኩም፤ የሰነፍ ፀሐይ ነው ባይ ናቸው። ሰው ማንሳት ግድ ከሆነባቸው ማምሻውን በረንዳው ላይ ይሰበስቡታል። "ብርሃኑ ገና ነው" እያሉ እግሩ እስኪደነዝዝ ያስቆሙታል። በመጨረሻ ጀርባውን ለወጨጫ ያሰጡትና "ትንሽ ወደ ግራ፣ ተራራውን ከለላችሁት" ብለው ዳር ይገፉታል። ፎቶው ታጥቦ ሲመጣ ተራራው ወርቅ ነው፣ ሰዉ ከሰል።

ጎረቤታቸው እትዬ ሸዋአየሁ ልጃቸውን ክርስትና ያስነሱ ዕለት ፎቶ ያነሱት ጋሽ ዘርአይ ነበሩ። ፎቶው ሲመጣ እትዬ ሸዋአየሁ ወደ መስኮት ጠጋ አድርገው አዩት፣ ገልብጠው አዩት። እናት የቱ ጋ እንዳለች፣ ሕፃኑን ማን እንደያዘው የሚለይ ጠፋ።

"ዘርአይ፣ እኔ ክርስትና ያስነሳሁት ልጄን ነው ተራራውን?" አሉ።

"ደመናውን ግን አየሽው?" አሉ ጋሽ ዘርአይ፣ ከልባቸው።

እትዬ ሸዋአየሁ ሁለት ወር ሙሉ ሰላምታ ነሷቸው። ጋሽ ዘርአይ መኮረፋቸውን አልሰሙም።

እጸገነት ከአባቷ ከአቶ ገብረዋህድ ጋር የተነሳቻቸው ሦስት ፎቶዎች ነበሯት፤ ሦስቱም የአጎቷ እጅ ሥራ ናቸው። በምረቃዋ ፎቶ ላይ አባትየው የሚለዩት በባርኔጣቸው ነው። እስከዚያ ድረስ ነገሩ የቤት ቀልድ ነበር። ጥር ላይ ሠርጓ ሲደርስ ግን የአቶ ገብረዋህድ ልብ ደከመ፤ ሐኪሙም መቆም ቀርቶ ብዙ መቀመጥ እንኳን ከለከላቸው። የሠርጉ ዕለት መርቀው የሸኟት አልጋቸው ላይ ሆነው ነው። ከዚያ በኋላ የቀራት መልሱ ብቻ ነበር።

"በቃ አንድ ፎቶ ነው የምፈልገው" አለችው ለባሏ ለቴዎ። "የአባዬ ፊት የሚታይበት፣ አንድ።"

"ማለቴ፣ ከስታዲየም አካባቢ አንድ ፎቶ አንሺ ይዤ ልምጣ?"

"ጋሼ እያሉ? ልትገድላቸው ነው?"

ማክሰኞ ማምሻውን ካባዋን ደርባ ለመልሱ አባቷ ቤት ስትገባ፣ ጋሽ ዘርአይ ካሜራቸውን በረንዳው ጫፍ ላይ በሦስት እግሩ ተክለውት ደረሰች። ከአስር ሰዓት ጀምረው እዚያ ናቸው። ካሜራው የሚያየው ወጨጫን ነው።

"ጋሼ፣ ስንት ፎቶ ቀርቶዎታል?"

"አንድ።"

"ሠላሳ አምስቱስ?"

"ዛሬ ጠዋት የረር ላይ የነበረውን ጉም ብታዪው፣ እጹ..."

ፊልም ገዝቶ እንዲመጣ ሰው እንዳትልክ ፀሐይዋ ልትገባ ነው። ነገ እንዳትል በጠዋት ከቴዎ ጋር ወደ አዋሳ መንገደኛ ናት። የአባቷን ነገር ደግሞ ለነገ ብሎ ማሳደር ይፈራ ነበር።

ቴዎ አቶ ገብረዋህድን ደግፎ አወጣቸውና ወንበራቸው ላይ አስቀመጣቸው። ጋቢያቸውን አስተካክለው ፊታቸውን ወደ ምዕራብ አዞሩ።

ሰማዩ የዚያን ዕለት ልዩ ነበር። ወጨጫ ራስ ላይ ደመናው ተነባብሮ ጠርዝ ጠርዙ መቅላት ጀምሯል። ጋሽ ዘርአይ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ የጠበቁት እሱን ነው።

እጸገነት አጠገባቸው ሄዳ ቆመች። "ጋሼ፣ ዛሬ የአባዬን ፊት ካላነሱልኝ ሁለተኛ አላናግርዎትም" አለቻቸው።

"ብርሃኑ ገና ነው" አሉ፣ ዓይናቸውን ከተራራው ላይ ሳይነቅሉ።

ተስፋ ቆረጠች። ጥላቸው ሄዳ አባቷ እግር ሥር ተንበረከከችና ጉልበታቸውን ስማ፣ እዚያው ግንባሯን ደፋች። አባቷ እጃቸውን ራሷ ላይ አሳርፈው "ተባረኪ ልጄ" ሲሉ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ተሰማት። ቀና ስትል ፀሐይዋ ገብታለች፤ ጋሽ ዘርአይ ግቢው መሀል ቆመው ፊልሙን ይጠቀልላሉ። ተራራቸውን አነሱ በቃ፣ አለች በልቧ። ሳትሰናበታቸው ወጣች።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ከአዋሳ ስትመለስ ጋሽ ዘርአይ ፖስታ ይዘው መጡ። እሳቸው ፎቶ የሚያሳዩት በተርታ ነው፤ መዝለል ክልክል ነው። የረር በጉም። የረር ጉሙ ሲነሳለት። የረር ጉሙ ተመልሶ ሲመጣበት። እጸገነት ኩርፊያዋን እንደያዘች፣ ለይሉኝታ ያህል ብቻ እያየች አንድ በአንድ አለፈች። የመጨረሻው ላይ እጇ ቆመ።

ተራራ የለም። አባቷ ናቸው። የምሽቷ ፀሐይ ሙሉ ለሙሉ ፊታቸው ላይ አርፋለች፤ ያልተላጨው ሽበታቸው እንኳን አንድ በአንድ ይቆጠራል። ጎንበስ ብለው ወደ እሷ ያያሉ፤ አፋቸው ምርቃቱን ገና አልጨረሰም። ከሙሽራይቱ የሚታየው ካባዋና ፀጉሯ ብቻ ነው።

"የኔ ፊትስ?" አለች፣ እንባዋ እየመጣ።

"አንቺ ያዘዝሽኝ የአባትሽን ነው።"

አቶ ገብረዋህድ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ አረፉ። ድንኳኑ ውስጥ የተሰቀለው ያ ፎቶ ነው፤ ኋላም ጎተራ ኮንዶሚኒየም ስትገባ ከዕቃዋ ሁሉ አስቀድማ በእጇ ይዛው የሄደችው እሱኑ ነው። ለቀስተኛው ሁሉ "ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያነሳቸው?" ሲል፣ እትዬ ሸዋአየሁ ዘርአይ ነው ቢባሉ አላምንም አሉ።

ፖስታው የተከፈተ ዕለት ግን እጸገነት እንባዋን ጠርጋ አንድ ነገር ጠይቃቸው ነበር።

"ጋሼ፣ ወጨጫስ? ፀሐይዋ ስትገባ እንዴት ሆኖ ነበር?"

ጋሽ ዘርአይ ባዶውን ፖስታ ለሁለት አጠፉት፣ ደግሞ ለአራት አጠፉት።

"አላየሁትም" አሉ። "ጀርባዬን ሰጥቼው ነበር። ዞር ብዬ ባየው ኖሮ እኮ የወንድሜን ፊት አላነሳም ነበር፤ ራሴን አውቀዋለሁ።"

አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። አጎቷን እንደዚያ ቀን ወዳቸው አታውቅም።

ጋሽ ዘርአይ ከዚያ ወዲህ ስንቱን የምሽት ፀሐይ እንዳነሱ ቆጥሮ የሚጨርሰው የለም። ዛሬም ግን ስለ ብርሃን ወሬ ከተነሳ፣ የዚያን ማክሰኞውን የሚያህል ሁለተኛ አልመጣም ብለው ይምላሉ። ሳያዩት በምን አወቁ ብሎ የሚከራከራቸው አልጠፋም። እጸገነት ግን አብራቸው ትምላለች።