ምንም ያልተቀባው ቢላ

ሰው ክፉ ነገር ሲደርስበት መጀመሪያ የሚጠይቀው «ምን ሆነ?» ብሎ አይደለም፤ «ማን አደረገው?» ብሎ ነው። ላሙ ብትሞት ጎረቤቱን ያያል፤ ልጁ ፈተና ቢወድቅ መምህሩን፣ ዝናብ ቢቀር መንግሥትን። ባለቤት የሌለው መከራ ለመሸከም አይመችም፤ መያዣ የለውም። ጠላት ያለበት መከራ ግን ቢያንስ የሚረግሙት ፊት አለው። ከዚያም በላይ፣ ሰው ቁጭ ብሎ ሊያጠፋኝ ሲመክር ከዋለ፣ እኔ ቁም ነገር ነኝ ማለት ነው። ማንም ሳያስበኝ ጠፋሁ ከማለት፣ አስበው አጠፉኝ ማለት ክብርም አለበት።

እኔ ከሃያ ዓመት በላይ በመንግሥት ደመወዝ ኖሬአለሁና አንድ ነገር ልመስክርላችሁ። ሕዝብ የሚጠረጥረንን ያህል ተግተን ሠርተን አናውቅም። ሤራ እኮ ስብሰባ ይፈልጋል፣ ምስጢር መጠበቅ ይፈልጋል፣ ከሁሉም በላይ ነዳጅ ይፈልጋል። የእኛ መኪና ነዳጅ አልነበረውም።

ይህን ስላችሁ ግን የተማረ ሰው ባልተማረው ሊስቅ ነው እንዳትሉ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሞኙ ማን እንደነበር እኔም እስከ ዛሬ አልለየሁትም።

ነገሩ የሆነው በዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። ሚዛን ተፈሪ ተቀምጬ የቡና ባለሙያ ነበርኩ። ከሸኮ ወዲያ፣ ወደ ቴፒ በሚወስደው መንገድ ገባ ብላ ካለች አንዲት ቀበሌ «ቡናችን ቆሞ እየደረቀ ነው» የሚል ደብዳቤ መጣ። ሄደህ እይ ተባልኩ። በምን ልሂድ? መኪናዋ እንደ ልማዷ ግቢ ውስጥ ቆማለች። በዚያ ሰሞን ሸምሱ የሚባል የዚያችው ቀበሌ ባለሱቅ ሚዛን ዕቃ ሊገዛ መጥቶ ነበር። አባቱ ከጉራጌ አገር መጥተው እዚያ የከተሙ፣ እሱም እዚያው ተወልዶ ያደገ፣ ጨውና ሳሙና የሚሸጥ፣ በመከር ጊዜ ደግሞ የገበሬውን ቡና የሚገዛ ሰው ነው። ችግሬን ሰምቶ ሳቀ።

«ወንድሜ፣ እኔ አለሁ አይደል? በሞተሬ አደርስሃለሁ። ቡናው ከደረቀ እኔስ ምን ልበላ ነው?» አለኝ።

በሸምሱ ሞተር ሳይክል ኋላ ተፈናጥጬ፣ እስከ ጉልበቴ ጭቃ ለብሼ፣ ቀበሌዋ ገባሁ። ሕዝቡ ሁሉ ከማን ጋር እንደመጣሁ አየ። በገጠር የሚታይ ነገር ሁሉ ይመዘገባል፤ ጸሐፊ አያስፈልግም።

መጀመሪያ የገባሁት አቶ ዘለቀ የሚባሉ አዛውንት ማሳ ነው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ድምፃቸውን የማያነሡ ሰው ናቸው። ሦስት የቡና ግንድ ቅጠሉ እንደተንጠለጠለ ደርቆባቸዋል። ቢላዬን አወጣሁና ከአንደኛው ግንድ ሥር ልጡን ፋቅ አደረግሁት። ከልጡ በታች ያለው እንጨት ቀለም የፈሰሰበት ይመስል ጠቁሯል። «አያችሁ? በሽታው ይሄ ነው» አልኩ። ልዩነቱን ላሳያቸው ብዬ ደግሞ አጠገቡ ያለውን ለምለም ግንድ ፋቅሁ። ነጭ ነው። «ይሄኛው ጤነኛ ነው።»

ተሰብስቦ የሚያየው ሰው አጉረመረመ። ከዚያማ ማን ይልቀቀኝ! «የኔንም እይልኝ»፣ «ወደኔም ጎራ በል» እያሉ ከማሳ ማሳ ወሰዱኝ። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሐኪም የሆንኩ መሰለኝ። ቢላዬን በሱሪዬ እየጠረግሁ የታመመውንም ያልታመመውንም ስፍቅ ዋልኩ። አቶ ዘለቀ ከኋላ ከኋላዬ ይከተሉ ነበር። የታመመውን ነቅላችሁ አቃጥሉ፣ ስታርሙም ግንዱን በገጀራ አታቁስሉት ብዬ መከርኩ። ማር አበሉኝ፣ አመሰገኑኝ፣ ሸምሱ እስከ ዋናው መንገድ አደረሰኝ። ሪፖርት ጻፍኩ። «ለአርሶ አደሩ ግንዛቤ ተሰጥቷል» የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ሳልረሳ።

ክረምቱ አልፎ ጸሐይ ስትወጣ ሌላ ደብዳቤ መጣ። ይኼኛው ማኅተም ነበረው። ባለሙያው መጥቶ ለሕዝቡ መልስ ይስጥ ይላል።

ስሄድ ሸምሱ ሊቀበለኝ አልመጣም። የሞተሩን ጎማ በስለት ዘልዝለውበታል። ሱቁ ክፍት ነው፤ ገዢ ግን የለም። ሚስቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ እኔን ስታይ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። ሴት ልጆቹ ትምህርት ቤት አብሯቸው የሚቀመጥ ልጅ አጡ። የሆነው እንዲህ ነው። እኔ ከሄድኩ በኋላ ቡናው በየማሳው መድረቅ ጀመረ። ሕዝቡም አሰበ። ሸምሱ ሰውየውን በሞተሩ አመጣው። ሰውየው በቢላው መርዝ አስነካ። ቡናው ሲደርቅ መሬቱ ባዶ ነው ይባልና ለኢንቬስተር ይሰጣል፤ ሸምሱም ድርሻውን ያገኛል። እንዲያው ከመሬት ተነሥተው ያሰቡት እንዳይመስላችሁ። ከወንዙ ማዶ ያለ ጫካ ለባለሀብት መሰጠቱን ነዋሪው የሰማው ዶዘሩ ሲመጣ ነበር። አንድ ጊዜ ሳይነግሩት የወሰዱበት ሰው፣ ሁለተኛ ጊዜ ገና ሳይነግሩት አውቄአለሁ ቢል ይፈረድበታል?

ስብሰባው ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ነበር። ሰዎቹ እርስ በርሳቸው በሸኮ ቋንቋ ያወራሉ። ከሚሉት ሁሉ የገቡኝ ሁለት ቃላት ብቻ ናቸው። «ሞተር» እና «ኢንቬስተር»።

አቶ ዘለቀ ተነሡ። ድምፃቸውን አሁንም አላነሡም።

«ይሄ ልጅ በየማሳችን የነካውን ግንድ ሁሉ ክር አስሬበት ነበር» አሉ። «ሐኪም ያየው ነው፣ ከሌላው ለይተን እንንከባከበው ብዬ ነው። አሁን ሄዳችሁ እዩ። ክር ያለበት ሁሉ ደርቋል። ክር የሌለው ቆሟል።»

ከዚያ ወደኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ቢላህን ምን ቀብተኸው ነበር?»

«ምንም» አልኩ። «ምንም አልቀባሁትም።»

እውነቴን ነው። ምንም አልቀባሁትም። ጥፋቱም እሱው ነው። ያ በሽታ በቁስል ነው የሚገባው። ከታመመ ግንድ ወደ ጤነኛ ስንሄድ ቢላውን አልኮል መቀባት፣ ካልሆነም በእሳት መለብለብ እንዳለብን ለሌሎች ባለሙያዎች የማስተምረው እኔ ነበርኩ። የአልኮሉ ጠርሙስ ግን ሞተር ላይ ይሰበርብኛል ብዬ ሚዛን ጠረጴዛዬ ላይ ትቼው ነበር የወጣሁት። ፊደል ያልቆጠሩት አቶ ዘለቀ በክር ያደረጉት ምርምር እኔ በደመወዝ ከሠራሁት ሁሉ ይበልጣል። በዓይናቸው ያዩት ትክክል ነበር። የተሳሳቱት «ለምን» የሚለው ላይ ብቻ ነው። መርዝ አልነበረም፤ ግድየለሽነት ነበር።

ያኔ አንዲት ዓረፍተ ነገር ብናገር ሸምሱ ነጻ ይወጣ ነበር። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ቢላዬን አላጸዳሁም» ማለት ነው። ዱላ ፈርቼ ተውኩት ብላችሁ ውሸት ይሆንብኛል። የሚማታ ሰው አልነበረም። የፈራሁት ሐኪምነቴን ማጣት ነው። ስለዚህ ስለ ነፋስ ተናገርኩ፣ ስለ ዝናብ ተናገርኩ፣ በዓይን ስለማይታዩ ነገሮች ረጅም ንግግር አደረግሁ። በመጨረሻም «የሚወራው ሁሉ መሠረተ ቢስ ነው» አልኩ።

ማንም አላመነኝም። እንዴት ያምኑኛል? የምደብቀው ነገር እንዳለ ፊቴ ላይ አይተዋል፤ የምደብቀው ነገርም ነበረኝ። ሤራ አለ ብሎ ለሚያምን ሰው የሚደብቅ ፊት ከማየት የበለጠ ምን ማስረጃ አለ? ከስብሰባው በፊት ወሬውን የሚጠራጠሩ ጥቂቶች ነበሩ። ከኔ ንግግር በኋላ ጠቅላላ ቀበሌው አመነ።

ሳይውል ሳያድር ሸምሱ ቤቱን ነቀለ። በጭነት መኪና ዕቃውን ጭኖ፣ ሚስቱንና ልጆቹን ጋቢና አስገብቶ፣ በሚዛን ሲያልፍ እኔ መሥሪያ ቤት በር ላይ ወረደ። ከስቷል። ያወቅሁት በሳቁ ነበር፤ ሳቁ የለም።

«ወላሂ አልጣላህም» አለኝ። «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ። የዚያን ቀን ከኔ ጋር እንድትመጣ የላከህ ማነው?»

«ማንም አልላከኝም፣ ሸምሱ።»

«የመሥሪያ ቤትህ መኪና ነዳጅ የሚያጣው ልክ እኔ ሚዛን በገባሁ ቀን ነው? እኔ እንድጠፋ የሚፈልግ ነጋዴ አለ። ስሙን አልጠራም። አንተም አውቀህ አይደለም፤ ተጠቅመውብህ ነው።»

ያን ጊዜም ልነግረው እችል ነበር። ጋቢናው ውስጥ ትንሿ ልጁ መስታወቱ ላይ ግንባሯን አስደግፋ ታየኛለች። «ማንም አልላከኝም» ብዬ ደገምኩ። በአዘኔታ አየኝ፤ አቀፈኝ፤ ሄደ።

ዓመታት አለፉ። ከአሥር በላይ። ባለፈው ዓመት ሚዛን መናኸሪያ ውስጥ ከአንድ ሹፌር ጋር ስናወራ፣ ያ በፊት ከሸኮ ወዲያ ሱቅ የነበረው ሸምሱ ሞተ፣ ሄዶ በከተመበት በሆሳዕና ከተማ ተቀበረ ብሎ ነገረኝ። ሦስት ቀን እህል አልበላ አለኝ። በአራተኛው ቀን ተሳፍሬ አቶ ዘለቀ ዘንድ ሄድኩ።

ቡናው የነበረበት ላይ ሙዝ ተክለዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ በድምፄ ነው የለዩኝ። ከሙዙ ጥላ ሥር ተቀመጥንና ሁሉንም ነገርኳቸው። አልኮሉን፣ ጠርሙሱን፣ ሱሪዬን፣ ስብሰባውን። እየነገርኳቸው አለቀስኩ። ስጨርስ ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ሸምሱ ስንት ሰጠህ?»

«እንዴት?»

«ስሙን ልታነጻለት አይደል የላከህ? ሊመለስ ነው መሰለኝ። አይዞህ፣ አልቀየምህም፤ አንተም ቤተሰብ አለህ።»

«አባቴ፣ ሸምሱ እኮ ሞቷል!»

አቶ ዘለቀ የደከመ ዓይናቸውን ወደኔ አዞሩ። አላላገጡም። ከልባቸው ነበር የጠየቁኝ።

«ሞተ ብሎ የነገረህ ማነው?»

«አንድ ሹፌር» አልኩ። ስሙን አላውቀውም። ቀብሩ ላይ ይኑር አይኑር አልጠየቅሁትም። የትኛውን ሸምሱ እንዳለም በደንብ አላጣራሁ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ እጅ ሙዝ አስቆርጠው አስያዙኝና ሸኙኝ።

ሆሳዕና የማይደረስበት ከተማ አይደለም። መኪና አለ፣ ስልክም ገብቷል፤ ሄጄ ልጠይቅ፣ ደውዬም ላጣራ እችላለሁ። አላደረግሁትም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ግን ሸምሱ አልሞተም ብዬ ማመን ጀምሬአለሁ። ሹፌሩ ሌላ ሰው ነው ያለው፤ ወይም የሆነ ሰው ሆነ ብሎ እንዲነግረኝ አድርጎታል። ለምን እንደሆነ ገና አልደረስኩበትም። እህል ግን መብላት ጀምሬአለሁ።