ከአሮጌው ጋር ቁርጥ አንድ

ሰማይ ከራሱ በላይ እያለ ስለ ዝናብ ኮምፒውተርን የሚጠይቅ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔ ዲላ ውስጥ ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር አንድ ግቢ እኖራለሁ። ተካልኝ ይባላል፤ የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። እኛ ሳንወለድ የተጻፈ የአየር ትንበያ ፕሮግራም፣ ለዘመኑ ግዙፍ ኮምፒውተሮች እንዲስማማ በአዲስ የኮምፒውተር ቋንቋ መልሶ ይጽፋል። ከጀመረ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ሁልጊዜ «ትንሽ ይቀረኛል» ይላል።

ባለፈው ቅዳሜ ኢዲዶ የምትባል የቡና መንደር፣ አክስቴ እትዬ አስቴር ዘንድ ይዤው ሄድኩ። እትዬ አስቴር ቡናቸውን ከመሬት ከፍ ባለው የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ አስጥተው ደመናውን በጥርጣሬ ያያሉ።

«አንተ የተማርከው፣ ላስቲክ ላልብሰው እንዴ?»

ተካልኝ ላፕቶፑን ከፍቶ ጥቂት ነካካና «አይዘንብም እትዬ፣ ይተዉት» አለ።

አፉን ሳይዘጋ ዶፉ ወረደ! እኛ ላስቲክ ይዘን ስንራወጥ እሱ ላፕቶፑን ጃኬቱ ውስጥ ሸጉጦ ይዘላል።

«ተሳካ! አሮጌው ፕሮግራም አይዘንብም ብሎ ነበር፤ አዲሱም አይዘንብም አለ! እስከ መጨረሻዋ ቁጥር ቁርጥ አንድ ናቸው!»

ለካ ሦስት ዓመት ሙሉ የለፋው አዲሱ አሮጌውን እንዲመስል ነው! ሰማዩንማ ማን አስታወሰው?

እትዬ አስቴር የራሰ ቡናቸውን እያፈሱ ቀና አሉ።

«እንኳን ደስ አለህ ልጄ። ለመዋሸትማ አሮጌው ምን አነሰው?»