ከቦሬ እስከ ቆላ በተዘጋ መስኮት

ሙቀት የሚባለውን ነገር እኔ እስከ ስልሳ ዓመቴ ድረስ በስም ብቻ ነበር የማውቀው። የቦሬ ሰው ነኝ። ቦሬ ማለት ጠዋት ከቤት ስትወጡ ጉሙ ላሚቱን ከነቀንዷ የሚውጥበት አገር ነው። ገብስ እናርሳለን፣ እንሰት እንተክላለን፣ በተረፈው ጊዜ እሳት ዳር እንቀመጣለን። ከመካከላችን አንዱ ተነስቶ ሞቀኝ ቢል፣ ታሟል ብለን ብርድ ልብስ እንደርብለታለን።

የምንፈራው ነፋስን ነው። እናንተስ አትፈሩም? ተዉ፣ እንተዋወቃለን! ወገቡን ያመመው ሁሉ ነፋስ መታኝ ይላል። አንገቱ አልዞር ያለውም ነፋስ ነው ይላል። ጎረቤቴ ከአህያ ላይ ወድቆ እግሩ ሲሰበር፣ ምን ሆነህ ነው ብዬ ስጠይቀው፣ አህያዋን ነፋስ መታብኝ አለኝ።

አንድ ጊዜ ከሐዋሳ በአውቶቡስ ስመለስ ሁለት ሰዎች በእርሻ ድንበር እየተጨቃጨቁ ነበር። የሰፈራቸው ሽማግሌ ሁሉ ለምኗቸው እምቢ ያሉ ናቸው። መንገድ ላይ አንዲት ሴትዮ ላብ አጥምቋት መስኮቱን ሁለት ጣት ያህል ከፈተች። ሁለቱ ባላንጣዎች በአንድ አፍ “ዝጊው!” አሉ። ከዚያ ወዲያ እስከ ቦሬ ድረስ ስለ ነፋስ ክፋት እየተደጋገፉ አወሩ። ሲወርዱ አንዱ የሌላውን ጆንያ ተሸከመለት። እኔም መስኮቱ ከተዘጋላቸው ወገን ነበርኩ። ነገሩን የማነሳው ጥፋቴ የት እንደጀመረ እንድታውቁልኝ ነው።

ልጄ ታሪኩ ሾፌር ነው። አሮጌ ሚኒባስ አግኝቶ ወንበሮቹን ነቃቀለና በቦታቸው አልጋ አስገባ። ትንሽ የጋዝ ምድጃ ጨመረ። የውኃ ጀሪካን በገመድ አሰረ። በጎኑ በኩል ደግሞ እንደ በረንዳ የሚዘረጋ ሸራ ሰፋበት። ፈረንጆች በበጋ እንዲህ ከነቤታቸው እየዞሩ ነው የሚዝናኑት አለኝ። ቤት ካላቸው ለምን ይወጣሉ? ብዬ ጠየቅኩት። ሸራውን መስፋቱን ቀጠለ።

የመንገዱ ምክንያት የልጅ ልጄ ሮባ ነው። የመጀመሪያዬ ነው። አምስት ወሩ ነበር። እናቱ፣ ምራቴ ሎኮ፣ የቆላ ልጅ ናት፤ ወገኖቿ ያሉት ከነገሌ አልፎ ወደ ዳዋ ወንዝ በሚወርደው አገር ነው። ልጁን አላዩትም ነበር። እኔም ልሂድ አልኩ። አምስት ወር ሙሉ ብርድ ሳይነካው ያሳደግነውን ልጅ ለሾፌር ብቻ አምኜ አልሰጥም። አንዲት ንፍጥ ሳይዘው አድርሼ አንዲት ንፍጥ ሳይዘው እመልሰዋለሁ ብዬ ለራሴ ማልኩ።

ስለ ሎኮ አንድ ነገር ልንገራችሁ። በእኛ ዘንድ ምራት ከባሏ አባት ጋር ፊት ለፊት አታወራም። ስሙን አትጠራም። የፈለገችው ነገር ካለ ለባሏ ትነግራለች፣ ባሏ ለአባቱ ያደርሳል። ባሏ ከሌለ ለልጅ ትናገራለች፣ ልጅ ከሌለ ለድመት። አማት መስማቱ አይቀርም። ሦስት ዓመት አንድ ግቢ ስንኖር ለእኔ ተብሎ ከአፏ የወጣ አንድ ቃል የለም። እኔም የማወራ ሰው አይደለሁም። ቤታችን ውስጥ የኔ ሳል ትእዛዝ ነው። አንዴ ከሳልኩ ሬዲዮ ይዘጋል፣ ሁለቴ ከሳልኩ እንግዳም ይነሳል።

በየካቲት ወር አንድ ማለዳ ተነሳን። እኔ ኋላ፣ ከሮባ አልጋ አጠገብ ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት መስኮቶቹን መዝጋት ነው። ቀዳዳቸውን በጨርቅ ወተፍኩ። ሮባን በሦስት ብርድ ልብስ ጠቀለልነው። ታሪኩ በበኩሉ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አደረገ። ሳልኩ። መልሶ ዘጋው።

እስከ አዶላ ድረስ ጉምና ጫካ ነው፤ ማንም ቅር አላለውም። ከዋደራ በኋላ ግን መኪናው ውስጥ አንድ የማላውቀው ነገር መጣ። አንገቴ ረጠበ። ሎኮ ሮባን ትኩር ብላ አየችውና “ሮባ፣ የእናትህ አገር ይሞቃል እኮ። እዚያ ሕፃን እንዲህ አይጠቀለልም። አያትህ ያውቁ ይሆን?” አለችው።

ገባኝ። እኔም ወደ ሮባ ዞሬ “ሮባ፣ ሙቀት ሰው አይጎዳም። የሚጎዳው ነፋስ ነው” አልኩት።

ሮባ መካከል ተኝቶ ሁለታችንንም አየን። ታሪኩ በመስታወት ያየናል።

ነገሌ ስንደርስ ባጃጆቹ ከቀኝ ከግራ እየተሽሎከሎኩ መንገዱን ሞልተውት ነበር። ውኃ ልንገዛ አንድ ሱቅ ቆምን። ባለሱቁ የሎኮን አባት የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ አካም፣ ናጋ እያሉ ግማሹን በኦሮምኛ ግማሹን በአማርኛ ተቀበሉን። ላቤን አይተው “አባ፣ ቆላውን አሁን እንዳትጀምሩት። ዛፍ ሥር አቁማችሁ ቀትሩን አሳልፉት። በሮቹን ወዲህም ወዲያም ክፈቱ፣ ሸራውን በውኃ ነክሩና በነፋሱ በኩል ስቀሉት። እኛ በልጅነታችን እንዲህ ነው ያደግነው” አሉኝ።

ነፋሱን በእርጥብ ሸራ አስገባ ማለታቸው ነው! እንዲህ ያለ እብደት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? አመስግኜ መኪናው ውስጥ ገባሁ። ታሪኩ ትንሽ ብናርፍስ አለ። ሳልኩ። ሞተሩን አስነሳ።

ከነገሌ ወጣ እንዳልን ፀሐይዋ አናታችን ላይ ቆመች። የሚኒባሱ ጣሪያ እንደ ምጣድ ሆነ። ሮባ ያለቅሳል፤ እኔ ብርድ ልብሱን አስተካክልለታለሁ። ከዚያ ለቅሶው ቀነሰ። ከዚያ ጠፋ። አያችሁ፣ እንቅልፍ ወሰደው አልኩ በሆዴ። እንዲያውም ደስ አለኝ።

ሎኮ ጉንጩን ነካች። እጇን ቶሎ አነሳች። ጡቷን ሰጠችው፤ አፉን አልከፈተም። ቀና አደረገችው፤ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ዘንበል አለ። “ታሪኩ! ንገርልኝ!” አለች ለባሏ። ታሪኩ በመስታወት እሷን አየ፣ እኔን አየ፣ አፉን ከፈተና ዘጋው። የሠላሳ ዓመት ሰው ነው፤ መኪና ከነጭነቱ ገደል አፋፍ ላይ ያዞራል። እኔን ግን ይፈራል። ያንን ፍርሃት ያሳደግኩት ራሴ ነኝ።

ያን ጊዜ ሎኮ ዞር ብላ ዓይኔን አየችው። በሦስት ዓመት የመጀመሪያዋ ነው።

“አባ!” አለች። ጮኸች እንጂ አላለችም። “ልጄ እጄ ላይ እየሞተብኝ ነው! ጨርቁን ያውጡት! መስኮቱን ይክፈቱ! ታሪኩ፣ አንተም አቁም!”

መኪናው ቆመ። እኔ ጨርቁን ስጎትት አልነቀል አለኝ፤ ጠዋት ምን ያህል አጥብቄ እንደወተፍኩት ያኔ ነው ያወቅኩት። ታሪኩ የጎኑን በር በረገደው። አንድ ግራር ሥር ወረድን።

እዚያ አንዲት አሮጊት የግመል ወተት ጀሪካኖቻቸውን ይዘው መኪና ይጠብቁ ነበር። ሮባን አንድ ጊዜ አዩት። ብርድ ልብሶቹን አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ገፈፉና ወደ እኔ ወረወሯቸው። “ይሄ ልጅ ወይስ ዳቦ?” አሉ። ነጠላቸውን ከጀሪካናችን ውኃ ነክረው ሰውነቱን አለበሱት። ከዚያ እኔን አዩ። “አንተ ሽማግሌ፣ ምን ትገተራለህ? ጋቢህን ያዝ፣ አናፍስለት!”

አናፈስኩ። ወዳጆቼ፣ ስልሳ ዓመት ሙሉ ነፋስ ስዘጋ የኖርኩ ሰው፣ ግራር ሥር ቆሜ በሁለት እጄ ነፋስ መሥራት ያዝኩ። ክንዴ ዛለ። አላቆምኩም። ገብስ ሳዘራ እንኳን እንደዚያ ነፋስ ለምኜ አላውቅም። ሎኮ ጡቷን ከንፈሩ ላይ ታስነካዋለች። ታሪኩ ውኃ ያመላልሳል። ከሮባ ድምፅ እንጠብቃለን። ያንን ዝምታ አልመኝላችሁም። ዕድሜዬን ሙሉ ዝም ያልኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ግን አላውቅም ነበር።

ሮባ ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ከዚያ ጠባ። ትንሽ ጠብቶ ተወው፤ እንደገና ያዘው። ቆይቶ ዓይኑን ገለጠና በእናቱም በአባቱም ላይ ሳይሆን በእኔ ላይ እንደተቆጣ ሰው ጮኸ። እንዴት ያለ ጩኸት ነው! አሮጊቷ “በሉ አሁን መልሳችሁ ነገሌ ውሰዱት፣ ሐኪም ይየው” አሉ። ሎኮ ልታቀብለኝ ስታነሳው ደረቴ ላይ ሸናብኝ። አሮጊቷ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁ። “ይኸው፣ ምርቃት ነው!” አሉኝ። እኔም ሳቅኩ። ታሪኩ ስስቅ አይቶ ደነገጠ።

መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተን ወደ ነገሌ ተመለስን። ጤና ጣቢያ ያየችው ነርስ ልጁ ደህና ነው፣ ደጋግማችሁ ጡት ስጡት፣ ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አቆዩት አለችን። ማን ነው የጠቀለለው ስትል ታሪኩ ጣሪያውን አየ፣ ሎኮ መሬቱን አየች። እኔ ነኝ አልኩ። ነርሷ ብዙ ተናገረችኝ። ሁሉንም ቆሜ ሰማሁ።

ከሰዓት በኋላ ከከተማው ወጣ ብለን ትልቅ ዛፍ ሥር አቆምን። ባለሱቁ እንዳሉት አደረግን። በሮቹ ወዲህም ወዲያም ተከፈቱ። ሸራው በውኃ ተነክሮ ተሰቀለ፤ ነፋሱ በእሱ ውስጥ ሲያልፍ የቦሬን ማለዳ ይዞ የመጣ ይመስል ነበር። ሮባ ራቁቱን አልጋው ላይ እግሩን ያወራጫል። ፈረንጆቹ ለምን ከነቤታቸው እንደሚወጡ ትንሽ ትንሽ ገባኝ።

የምናገረው ነገር ነበረኝ። አፌ ግን አልለመደም። ወደ ሕፃኑ ጎንበስ ብዬ “ሮባ፣ አያትህ ተሳስቷል። ለእናትህ ንገርልኝ” አልኩት።

ሎኮ ሸራውን እያረጠበች ነበር። ቀና አለች። “ሮባ አሁን መናገር አይችልም፣ አባ” አለች። “እኔ እዚሁ ነኝ፤ ለእኔ ይንገሩኝ።”

ነገርኳት። ከባድ ነበር፤ ከተናገርኩት በኋላ ግን ደረቴ ቀለለኝ። ወንዝ ዳር የተቀመጥኩ ያህል በረደኝ።

ታዲያ የተከፈተ ነገር በዋዛ አይዘጋም። ሎኮ በዚያው ቀጠለች። “አባ፣ ውኃ ይጠጡ” አለችኝ። ጠጣሁ። “ጥላው ውስጥ ገባ ይበሉ።” ገባሁ። “በዚህ አገር ማን ካፖርት ይለብሳል? ያውልቁት።” አወለቅኩ። ከሥሩ ሹራብ አየች። “እሱንም።” አወለቅኩ። ከሹራቡ ሥር ሌላ ሹራብ አየች። እጇን ዘረጋች። አውልቄ ሰጠኋት። ታሪኩ ከሸራው ኋላ ሆኖ ትከሻው በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ቀጥሎ ዓይኗ ወደ ሱሪዬ ጫፍ ወረደ። ከሥሩ ሌላ ሱሪ ብቅ ብሎ ነበር። የቦሬ ሰው ነኝ ብያችሁ የለ?

ጉሮሮዬን ጠርጌ ወደ ልጄ ዞርኩ።

“ታሪኩ” አልኩት፣ “ለሚስትህ ንገርልኝ። ከዚህ በታች ያለው እንደ ጥንቱ ይቆይ።”