ኮሶበር ሬዲዮ ያጣችበት እሑድ

በእኛ አገር ሰው ለመሞት ፈቃድ አይጠይቅም፤ መሞቱን ለመናገር ግን ሸንጎ ይቀመጣል። ማን ይንገራት? መቼ ትስማ? እህል ቀምሳለች ወይ? ሟቹ የሞተው አንድ ጊዜ ነው፤ ሞቱ ግን ከጆሮ ወደ ጆሮ ሲዞር ውሎ፣ ከባለጉዳይዋ በቀር አገር ሁሉ ሰምቶት ያድራል። ለእሷ የሚደርሳት ጎሕ ሲቀድ ነው። ይህን ሥርዓት ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ እንቅልፍ የሚወድ ሰው እንዳልነበረ ግን እርግጠኛ ነኝ።

የባለቤቴ የአለልኝ ሞት ሥርዓቱን ጥሶ በጠራራ ፀሐይ ነው የደረሰኝ፤ እሑድ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ። ጥፋተኛዋ እኔው ነኝ። አገውኛ መማር አልነበረብኝም።

አለልኝ ለሕክምና ባሕር ዳር ከሄደ ሁለት ሳምንቱ ነበር። ልጃችን ሰላም ታስታምመዋለች፤ እኔን ጉልበቴ አላስኬድ ብሎኝ ቤት ቀርቻለሁ። ያን ዕለት ጎረቤቴ እትዬ የሺ በጠዋት መጣችና ስልክሽን አውሺኝ አለችኝ። ሰጠኋት። ወደ ደረቷ ከተተችው፤ ከዚያ በኋላ አላየሁትም። ስጠይቃት፣ “ኔትወርክ የለም እኮ እታለም፣ ምን ይሠራልሻል?” አለችኝ። ኔትወርክ የለም ማለት በእኛ ሰፈር ዝናብ ዘነበ እንደማለት ነውና ማን ይጠረጥራል? ብቻ ወዲያው የራሷ ስልክ ከዚያው ከደረቷ ውስጥ ጮኸ። “ሰዓቱ ነው” አለች፣ ዓይኗን ሳታሽ።

ቀጥሎ አያ ፈንታሁን መጣ። አያ ፈንታሁን እግሩን ከታመመ ወዲህ ከደጁ ርቆ የማያውቅ ሽማግሌ ነው። በባጃጅ ተጭኖ መጥቶ፣ “እንዲያው ናፍቀሽኝ” አለኝ። በዚህ ዕድሜዬ ማን ይናፍቀኛል? ከዚያ ሁለቱ አንገት ለአንገት ገጥመው በአገውኛ ተነጋገሩ። ሰላም አስከሬኑን ይዛ ነገ ጠዋት ትገባለች፤ ጎሕ ሲቀድ ይነገራት፤ እስከዚያ እህል ትቅመስ።

ከቢቸና ወገን አስተማሪ ሆኜ ተመድቤ ስመጣ አንድ የአገውኛ ቃል አላውቅም ነበር። እነሱ የሚያውቋት ያችን ልጅ ነው። እዚህ ከመጣሁ አርባ ዓመት ሊሞላኝ መቃረቡን ረስተውታል።

አገውኛውንስ ማን አስተማረኝ ብትሉ፣ ሬዲዮ ነው። የአገውኛ ሬዲዮ እንዳይመስላችሁ፤ የአማርኛውን ነው።

ያን ጊዜ እሑድ ማለት ሬዲዮ ማለት ነበር። የእኛው፣ የዳንቴል ልብስ ለብሶ እንደ ታቦት በመስኮቱ ደፍ ላይ ይቀመጣል። ከቅዳሴ መልስ ጎረቤት ሁሉ ቆሎውን በኪሱ ይዞ ግቢያችን ይሰበሰባል። ዘፈኑና ቀልዱ ያልፍና ድራማው ይጀመራል። አማርኛ ለማይሰሙት ሽማግሌዎች የሚተረጉመው አለልኝ ነው። ልብስ ሰፊ አይደል? ታሪኩንም በየሰዉ ልክ እየቆረጠ ይሰፋዋል። ሬዲዮው አንድ ሲናገር እሱ ሦስት ይናገራል። በእሱ ትርጉም ደግሞ ሰው አይሞትም። በአማርኛ የሞተችው ሙሽራ በአገውኛ ዳንግላ ለገበያ ሄዳ ትቀራለች። ሽማግሌዎቹ በሳምንቱ መጥተው “ያች ልጅ ተመለሰች ወይ?” ብለው ይጠይቁታል። እኔም ሁለቱን እያስተያየሁ፣ የጎደለውን እየለቀምሁ ነው ቋንቋውን የተማርሁት።

ስድስት ቀን ከስፌት መኪናው የማይላቀቀው አለልኝ በሰንበት መርፌ አይነካም። የገዛ ሸሚዙ ቁልፍ ቢበጠስ ደረቱ ተከፍቶ ይውላል እንጂ እስከ ሰኞ አይተከልለትም። መርፌ ማንሳት ሰንበትን መውጋት ነው ይል ነበር።

አንድ እሑድ እሱ ጉንፋን ይዞት ቤት ቀረ፤ እኔ ቅዳሴ ሄድሁ። ስመለስ ሬዲዮው ዝም ብሏል። አለልኝ በዚያ ፀሐይ ጥቁር ካፖርቱን ደርቦ ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። “ባትሪ ድንጋዩ አልቋል” አለኝ። እንዴት ያልቃል? አራቱንም ትናንት ከገበያ ገዝቼ የከተትኋቸው እኔ ነኝ። ከፍቼ ባየው ባዶ ነው። ያለቀ ድንጋይ ፀሐይ ይሞቃል እንጂ እግር አውጥቶ ይሄዳል?

ያ የድራማው ማብቂያ ቀን ነበር። ደሜ ፈላ። የሊጡን ማሰሮ፣ የገብሱን ጎታ፣ የመኝታችንን ፍራሽ በረበርሁ። በጎረቤት ፊት አስቁሜ ኪሱን ሁሉ ፈተሽሁት፤ ከሜትርና ከጠመኔ በቀር የለም። እጁን ወደ ላይ አንሥቶ እንደ ሌባ ተፈተሸልኝ። በዚያ ንዴት፣ “አንተ ቋጣሪ! ለድንጋይ የሳሳህ ለሚስትህ ምን ልትሆን ነው?” አልሁት። ሰው ሁሉ ሰማ። አንድም የሳቀ የለም፤ ያኔ መጠርጠር ነበረብኝ።

ሬዲዮዬን በነጠላዬ አዝዬ ድንጋይ ልመና ወጣሁ። እትዬ የሺ ቤት አልቋል። አያ ፈንታሁን ቤት አልቋል። ጠላ ቤቷ፣ ከሰንበት እስከ ሰንበት ሬዲዮ የማይጠፋባት ጠላ ቤት፣ “ዛሬ ጠዋት ቀጥ አለብን” አሉኝ። የኮሶበር ድንጋይ በአንድ ቀን አለቀ! እኔ የተማርሁት አስተማሪ፣ ነጋዴው አሮጌ ድንጋይ አምጥቶ ሸጦልናል ብዬ ሕዝቡን ለአቤቱታ ሳነሳሳ ዋልሁ። ሁሉም እንደ በግ ሰማኝ። “ልክ ነሽ መምህርት፣ ልክ ነሽ” አሉኝ።

በማግስቱ ጎሕ ሲቀድ በሩ ተንኳኳ።

አዲስ አበባ ሾፌር የነበረው ወንድሜ ይስማው በመኪና አደጋ ሞቶ ኖሯል። እዚያ ያሉ ዘመዶቻችን ለአገር ቤት እንዲሰማ ብለው በሬዲዮ አስነገሩት፤ ስሜን ጭምር ጠርተው። እኔ ቅዳሴ ላይ ሳለሁ አንድ ጊዜ ተነግሯል። ቀትር ላይ ሊደገም ነበርና እህቱ ዘፈን ስትጠብቅ እንዳትሰማው፣ አንድ ሰፈር ሙሉ ዘፈኑንና ድራማውን ትቶ ሬዲዮውን አፍኖ ዋለልኝ።

አለልኝን ይቅር በለኝ ብዬው አላውቅም። ሥጋውን በወጡ ላይ አበዛሁለት፤ በባልና ሚስት ዘንድ ይህም እንደ ይቅርታ ይቆጠራል ብዬ። ቋጣሪ የሚለው ስም ግን በሰፈሩ ቀልድ ሆኖ ቀረ፤ እሱም ሲጠሩት አቤት ይላል። ድንጋዮቹን የት እንደደበቃቸው በጠየቅሁት ቁጥር፣ “ቦታውን አልነግርሽም፤ ገና ይፈለጋል” ይለኝ ነበር።

ተፈለገ። ግን መርዶ የሚደብቅልኝ ሰው ራሱ መርዶው ሆነ። እነዚያ ሁለቱ በአገውኛ ሲያንሾካሹኩ፣ ዳንግላ ለገበያ ሄዷል ብሎ የሚተረጉምልኝ አልነበረም፤ እንዳለ ገባኝ።

እንዳልሰማ ሆንሁ። ምን ላድርግ? ሁለት አዛውንቶች እግራቸውን እየጎተቱ መጥተው ሊጠብቁኝ ተቀምጠዋል። እራት ቀረበ፤ አጎረሱኝ፤ ዋጥሁ። ጎሕ ሲቀድ የገዛ ቤቴ በር ተንኳኳ፤ አሁን እንደሰማ ሰው ጮህሁ። ጩኸቱ የውሸት አልነበረም፤ ሰዓቱ ብቻ ነው የውሸት።

ከአርባው በኋላ ልብሶቹን ለነዳያን ለመስጠት ሣጥኑን ከፈትሁ። ያ ጥቁር ካፖርት ከሥር ተጣጥፏል። ሳነሣው አንድ ጎኑ ከበደኝ። ገበሩን ብዳብሰው አንድ ቦታ በነጭ ክር በእጅ ተሰፍቷል፤ ጥቁር ገበር በነጭ ክር፣ እንኳን ልብስ ሰፊ የአንደኛ ክፍል ልጅ የሚያፍርበት ጥድፊያ። በጥርሴ በጠስሁት። አራት ድንጋዮች በጨርቅ ተጠቅልለው፣ ዝገው፣ ጨርቁን በልተውት ወጡ። እኔ ኪሱን ስፈትሽ፣ ቋጣሪ ስለው፣ እጁን አንሥቶ ሲቆምልኝ፣ ጎድኑ ላይ ነበሩ።

ያ ዕለት እሑድ ነበር። መርፌ አንሥቷል።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ ለአለልኝ ነፍስ ይማር በሉልኝ። ጾሙን ጾሟል፤ በዓሉን አክብሯል፤ አንድ ሰንበት ብቻ ወግቷል፤ እሱንም ለእኔ ሲል ነውና በእኔ ላይ ይጻፍ ብላችሁ ለምኑለት። የምትሰሙት ነገር ካለ ለአፍታ ዝቅ አድርጋችሁ ለምኑ። ብቻ ድንጋይ አልቆብናል፣ ኔትወርክ የለም እንዳትሉኝ፤ ሁለቱንም ሰምቻቸዋለሁ።