የሕዝብ መርፌ

ኮምፒውተሬ ዛሬም አፕዴት ላይ ነው። ማን እንዳዘዘው አላውቅም። የእህቴ የትርንጎ የልጅ ልጅ ነቀምቴ ላይ ስትዳር በቪዲዮ ልከታተል ብዬ ብቀመጥ፣ «እየሠራሁ ነው፣ እንዳታጠፊኝ» ይለኛል። በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት ዕቃ እኮ ነው። አንዱን ዘመዴን ደውዬ ብጠይቀው፣ መሣሪያው ያንቺ ነው፣ ፕሮግራሙ ግን የኩባንያው ነው፣ አንቺ በፈቃድ ነው የምትጠቀሚው አለኝ። ለእሱ አዲስ ነገር መሆኑ ነው። እኔ ይህን ትምህርት በደርግ ጊዜ ነቀምቴ ላይ ጨርሼዋለሁ።

ጋሽ ሽኩር የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር፤ ከጉራጌ አገር መጥቶ እኛው ጋ የቀረ። በረንዳው ላይ በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና ነበረችው። ልብስ ሰፊዎች በማኅበር ይደራጁ ሲባል፣ የማኅበሩ ሊቀመንበር ጓድ ቶሌራ መጣና መኪናዋ ያንተ ናት፣ መርፌዋ ግን የሕዝብ ናት አለው። የመኪና መርፌ ሁሉ ተለቅሞ ማኅበሩ ቢሮ ገባ። ጠዋት ጠዋት ጓድ ቶሌራ መተዳደሪያ ደንቡን ከነማሻሻያው ያነባል። «የምትስማሙ እጅ አውጡ» ይላል። እጁን ያወጣ መርፌውን ይዞ ይሄዳል፣ ሳይመሽ ይመልሳል። ታዲያ ማን ያዳምጣል? እናንተስ ያን ረጅም የስምምነት ጽሑፍ መቼ አንብባችሁ ታውቃላችሁ?

ትርንጎ ያን ጊዜ ለኑኑ ቁምባ አገር ሰው ታጭታ፣ ሠርጓ እሑድ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ከቀሚሷ የቀረው የግራ እጅጌው ብቻ ነበር። ጋሽ ሽኩር ቸኩሎ ከሁሉ ቀድሞ እጁን አወጣ። ለካ የተስማማው የእግር መርገጫዎች ተነቅለው በመብራት የሚሠራ ሞተር እንዲገጠም ኖሯል። ረፋዱ ላይ መጥተው ነቀሉለት፣ ገጠሙለት። ዘመናዊ ሆነ። መብራት ግን ያን ጊዜ የሚመጣው ማታ ነው፤ ከመጣ።

እናቴ ሰምታ መጣች።

«አንተ ሽኩር፣ ልጄን በአንድ እጅጌ ልትድርልኝ ነው?»

«ምን ላድርግ እትዬ ዘነቡ፣ ተስማማሁ።»

«በምን?»

«እሱን አልሰማሁም።»

እናቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ሸብ አደረገችና ከመኪናዋ ጎን ያለችውን ጎማ በእጇ ታዞር ጀመር። እሷ ታዞራለች፣ እሱ ይሰፋል። እጅጌው ገና ትከሻውን ሳይዝ ጓድ ቶሌራ ከተፍ አለ።

«አካም ጅርቱ፣ አዴ ዘነቡ?» ብሎ በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጣት።

«ፈዩማ» አለች፣ ማዞሯን ሳታቆም። ደህና ነኝ ማለቷ ነው፤ ፊቷ ግን እንደዚያ አይልም።

«ሁለት ሰው በአንድ መኪና? ይሄ ቅጥር ነው። ብዝበዛ ነው።»

«ማን ነው ማንን የሚበዘብዘው?»

ጓድ ቶሌራ በጣቱ ይቆጥር ጀመር። መኪናዋ የሽኩር፣ ጨርቁ የእናቴ፣ ሞተሩ የማኅበሩ፣ መርፌዋ የሕዝብ። ብዙ አሰበ። በመጨረሻ ደንቡን ልየው አለና መርፌዋን ነቅሎ ይዟት ሄደ።

እናቴ እጅጌውን ቤት ወስዳ በእጅ መርፌ ወሰወሰችው። እስከ ኑኑ ቁምባ ችሎ ደረሰ። እዚያ ሚዜው ሙሽሪትን ከመኪና ሲያወርድ ክንዷን ያዝ ቢያደርግ፣ እጅጌው እጁ ላይ ቀረ። ሰው ሁሉ ለማየት አንገቱን አሰገገ። ትርንጎ ግን ቀና ብላ፣ «ነቀምቴ አሁን እንዲህ ነው የሚለበሰው» አለችና እየተራመደች ገባች።

አመኗት። ወዲያው ሙሽሮች ባለ አንድ እጅጌ ቀሚስ ስፋልን እያሉ ጋሽ ሽኩር በረንዳ ላይ ይሰለፉ ጀመር። ጓድ ቶሌራም ጨርቅ ይቆጥባል ብሎ ደንቡን አሻሻለ፤ የሙሽራ ቀሚስ አንድ እጅጌ ይኖረዋል። ሁሉም እጅ አወጣ።

ሳታነቡ አትስማሙ ብዬ ልመክራችሁ ነበር። ግን ጋሽ ሽኩር አንድ ቀን ከልቡ አዳምጦ ጥያቄ አለኝ ቢል፣ ደንቡ እንደገና ከአንደኛው አንቀጽ ተነበበለት። ጓደኞቹ ሱሪ ሰፍተው ሲጨርሱ እሱ ገና መርፌ ይጠብቅ ነበር።

ይኸው፣ አሁን ኮምፒውተሩ ጨርሷል። አዲስ ስምምነት ዘርግቶ ትስማሚያለሽ ወይ ይለኛል። ሠርጉ እያመለጠኝ ነው፤ ሳላነብ እጄን አወጣሁ። ኮምፒውተሩ ንቅንቅ አላለም። ሁለተኛውንም አወጣሁ።