ለክቡር አቶ አለነ ያልተመዘገበው ጥያቄ

በዚህች አገር መብራት የማይመጣበት ሳምንት አለ፤ ማዳበሪያ የማይደርስበት ክረምት አለ፤ መልስ የሚያጣ ባለሥልጣን ግን ተፈልጎ አይገኝም። እናንተም አንዱን ታውቁታላችሁ። የኛው፣ የደባርቁ አስተዳዳሪ፣ ክቡር አቶ አለነ ይባላሉ። አራት ዓመት ሙሉ የምክር ቤቱን ቃለ ጉባኤ ስይዝ ምላሻቸውን ጽፌአለሁ። ስንት እስክሪብቶ አለቀ፤ እሳቸው አላለቁም።

ነጋዴው አቶ ካሚል ተነሥተው «የጎንደር መንገድ መቼ ነው የሚከፈተው?» ይላሉ። ክቡርነታቸው መነጽራቸውን ያወልቃሉ። «የተነሣው ጥያቄ ተገቢ ነው። ግን መንገድ ስንል ምን ማለታችን ነው?» ከዚያ ከዓለም አቀፉ ሁኔታ ይነሡና ወደ ቀጠናው፣ ከቀጠናው ወደ አገሪቱ ይወርዳሉ። ጎረቤታችን ዳባት እንኳ ሳይደርሱ የሻይ ሰዓት ይደርሳል።

መሪጌታ ቃለ አብ ስለ ማዳበሪያ ጠየቁ። «ገብስ የሚዘራበት ጊዜ አለፈ እኮ፣ ክቡርነትዎ።»

«ተገቢ ነው። በቅንጅት እየሠራን ነው።»

«ከማን ጋር?»

«ከሚመለከተው አካል ጋር።»

መሪጌታ ወደኔ ጎንበስ አሉ። «ቅኔ ቤት ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ፤ ወርቅ የሌለው ሰም ብቻ ሲንጠባጠብ ያየሁት እዚህ ነው።»

ምስጢሩ ቀላል ነው። ጥያቄዎች ከጉባኤው ሁለት ቀን ቀድመው በጽሑፍ ይገባሉ፤ ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ የክቡርነታቸውም መልስ በዚያው ቁጥር ተተይቦ ይመጣል። ስለዚህ ጥያቄ ሰምተው አያውቁም። ቁጥሩን ነው የሚሰሙት።

በሐምሌው ጉባኤ ቁጥር ሦስት ሲጠራ ወይዘሮ እስከዳር ተነሡ። ከሊማሊሞ ሥር ያለ ቀበሌ ተወካይ ናቸው። ዳገቱን በእግር ወጥተው የመጡበት ጭቃ ከቀሚሳቸው አልለቀቀም።

«ያስመዘገብሁት ስለ ችግኝ ነበር፤ እሱ ይቅር» አሉ። «ጤና ጣቢያችን ውስጥ አንዲት ሴት ከትናንት ጧት ጀምራ ምጥ ላይ ናት። አዋላጇ ሆስፒታል ካልገባች አትተርፍም ብላለች። አምቡላንሱ ይኸው እዚህ ግቢ ቆሟል። ባለፈው ሳምንት ታጣቂዎች መንገዱን በገመድ የሚዘጉበት ቦታ ላይ ስለተተኮሰበት ሹፌሩ አልወርድም አለ። ይህን መልሱልኝ።»

ክቡርነታቸው መነጽራቸውን አጠለቁና ቁጥር ሦስትን አነበቡ። «ጥያቄው ተገቢ ነው። ዘጠና ሁለት በመቶው ጸድቋል። የሞተውን በሚቀጥለው ክረምት እንተካለን።»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል።

ወይዘሮ እስከዳር ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። «የምትተኩት ማንን ነው? ወለተ ማርያም ነው ስሟ። ሁለት ልጆች አሏት።»

«ክቡርነትዎ፣ ያን ወረቀት ያስቀምጡት» አሉ አቶ ካሚል።

ክቡርነታቸው ወረቀቱን ገለበጡት። ጀርባው ባዶ ነበር። «ለዚህ መልስ የለኝም» አሉና ኮታቸውን አንሥተው ወጡ። አድርባይ ሁሉ ሲጨንቀው በሩን ያውቃል፣ አልሁ በልቤ። «ስብሰባ ረግጠው ወጡ» ብዬ ልጽፍ ስል የአምቡላንሱ ሞተር ተነሣ። በመስኮት ሳይ ክቡርነታቸው ከሹፌሩ ከያሕያ ጎን ተቀምጠዋል።

እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠበቅን። ስብሰባውን የዘጋ የለም፤ ሻይ ያለም የለም። ወይዘሮ እስከዳር ከመስኮቱ ንቅንቅ አላሉም።

የሆነውን በኋላ ያሕያ ነገረኝ። ገመዱ ጋ ሦስት ጠመንጃ የያዙ ጎረምሶች አስቆሟቸው። «ወዴት ነው?» ክቡርነታቸው ወርደው ዝናቡ ላይ ቆሙ፤ መነጽራቸውን አወለቁ። «የወንድሞቼ ጥያቄ ተገቢ ነው። ግን ወዴት ስንል ምን ማለታችን ነው?» ያሕያ አለቀልኝ ብሎ ሸሃዳውን ማለት ጀመረ። ዓለም አቀፉን ሁኔታ ጨርሰው ቀጠናው ላይ ሲደርሱ አንዱ ጠመንጃውን ወደ ሌላው ትከሻ አዛወረ። አገሪቱ ላይ ሲደርሱ ሁለተኛው ድንጋይ ፈልጎ ተቀመጠ። «በቅንጅት» ሲሉ ሦስተኛው ገመዱን ፈታ። «አባቴ፣ በማርያም ይዤዎታለሁ፣ ይለፉ።» ሲመለሱማ መኪናዋን ገና ከሩቅ አይተው ገመዱን ጣሉት።

«ግን» አለኝ ያሕያ፣ «መጀመሪያ ገመዱ የተፈታልን ጊዜ እግራቸውን በእጃቸው አንሥተው ነው መኪና ውስጥ ያስገቡት።»

ወለተ ማርያም ተረፈች፤ ሴት ልጅም ወለደች። አባትየው «ማን እንበላት?» ቢላቸው «ጥያቄው ተገቢ ነው፤ እንመለስበታለን» አሉት።

ቃለ ጉባኤው ላይ «የተሰጠ ምላሽ» የሚል ዓምድ አለ። የክቡርነታቸው ምላሽ ሞልቶ ስለሚፈስ ሁልጊዜ አባሪ እጨምርለታለሁ። የዚያን ቀን ግን አንድ ቃል ብቻ ጻፍሁ፦ «ሄዱ።»

በማግስቱ ሊፈርሙ መጡ። አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ።

«አጠረ እኮ» አሉኝ። «ትንሽ አስፋፋው።»

አላስፋፋሁትም።